ሴቶቹን ሁሉ ወንድ ያደረገ ትእዛዝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮምፒውተሩ ፓስወርዴን አልቀበልም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩት፤ አልቀበልም። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ዞሮ ይሆናል ብዬ አየሁ፤ አልዞረም። ቀና ስል ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽፈራው በሩ ላይ ቆሟል።

«አትድከሚ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ዳታቤዙን ናሆም ነው የሚይዘው።»

ናሆም የእህቱ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደሴ መጣ። «እንግዳ ነው፣ ሥራውን እስኪያይ አስለምጂው» ተብዬ ራሴ ነኝ ያስለመድኩት። የት ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚስተካከል ሁሉንም አሳየሁት። ምሳውን እንኳ እኔ ነኝ የጋበዝኩት።

ንዴት ነገር ያስረሳል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የምሠራው ቆቦ ውስጥ ባለ አንድ የዘር ማኅበር ነው። እሠራ ነበር ልበል። ከሮቢት እስከ ዋጃ በየመንደሩ እዞራለሁ፤ ሴቶች በቅልና በማሰሮ ያቆዩትን የማሽላ ዘር እለምናለሁ፤ ዘሩን በጠርሙስ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ፤ ታሪኩን ዳታቤዝ ውስጥ አስገባለሁ። ጅጉርቴ። ደጋሊት። አቀንጭራ የሚባለው አረም የማይደፍረው። ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ የሚደርሰው። ሴቶቹ ዘሩን አልሸጡልንም፣ አልሰጡንምም። አደራ ነው ያሉት። ውሉም ይኸው ነው፦ በከፋ ዓመት ስሟ የተጻፈው ሴት መጥታ ዘሯን ትወስዳለች። ሌላ ሰው አይወስድም።

ሰንጠረዥ አልበቃኝም። አንዷ ስለ ዘሯ ሁለት ቃል ተናግራ ትነሣለች፤ ሌላዋ እስከ ምሳ ታወራለች። ስለዚህ በኤክስኤምኤል ሠራሁት። ሳጥን በሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። ሳጥኖቹን ሁሉ በአማርኛ ሰየምኳቸው፦ ዘር፣ መንደር፣ ሰጪ፣ ታሪክ። አንድ ሳጥን ከፍቼ ሳልዘጋ ከረሳሁ ፋይሉን በሙሉ አልቀበልም ይላል። ይህ ጠባዩ ከእኔ ጋር ያስማማዋል።

በሰጪ ሳጥን ውስጥ ሁለት ስም አለ። እዚህ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች። ባደገችበት ዘሃራ የተባለችው ባገባችበት ብርቄ ትሆናለች። አንዱን ብቻ ብጽፍ ግማሹ አገር አያውቃትም።

ሐሙስ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዳታቤዙና የዘሮቹ ስም የታተመበት ካታሎግ ይመረቃሉ። ዛሬ የታተመውን ካታሎግ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ «ያዘጋጀው» ብሎ የሽፈራውን ስም ከነአባቱ ይጠራል። የምስጋናው ገጽ ላይ ሾፌሩ አለ። ጥበቃው አለ። እኔ የለሁም።

«አቶ ሽፈራው፣ እኔስ?»

«አንቺ ጻፍሽው እንጂ አላዘጋጀሽውም።»

ሰው ሁሉ ሰማ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስክሪኗ ላይ አጎነበሰች። በሩን ወርውሬ አልዘጋሁትም። ቀስ አድርጌ ዘጋሁት፤ ይህ ይበልጥ ያስፈራል ብዬ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። እሺ። ጸሎቱን እተወዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አንድ ነገር ረስተዋል። ሰርቨሩን የተከልኩት እኔ ነኝ። ስተክለው የፈጠርኩት ሌላ መግቢያ አለ። ያኔ ለሽፈራው በወረቀት ጽፌ ሰጥቼው ነበር፤ ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

የጓደኛዬ የሐሊማ ሞባይል ቤት ከቢሮው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የቢሮው ዋይፋይ እዚያ ድረስ ይመጣል። ላፕቶፔን በተበታተኑ ስልኮች መሀል ከፈትኩ። ተርሚናል። ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ጽሑፍ። እወደዋለሁ። አያሽቃብጥም፣ የማንም ዘመድ አይደለም፣ ያዘዝሽውን ብቻ ይፈጽማል።

ገባሁ።

ዘርዝር አልኩት፣ ዘረዘረ። ክፈት አልኩት፣ ከፈተ። ጠርሙሶቼ ሁሉ ከነታሪካቸው አሉ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፍኩ። የማጥፊያውን ቃልና የዳታቤዙን ስም፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ሐሊማ በትከሻዬ በኩል አየች። «ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ይኼን ከተጫንኩት ሐሙስ የሚመረቅ ነገር የለም።»

«በይ ጫኚዋ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ አዛን?»

ጣቴ አዝራሩ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ደግ ሆኜ አይደለም። ዳታቤዙ ከጠፋ «አንዲት የተባረረች ልጅ ጉድ ሠራችኝ» ብሎ ያለቅሳል፤ ሰውም ያዝንለታል። ሽፈራው እንዲታዘንለት አልፈልግም። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እንግዶቹ ፊት ይውደቅ። መስመሩን ፊደል በፊደል መልሼ አጠፋሁት።

«ፈሪ» አለችና ሐሊማ ወደ ብየዳዋ ተመለሰች።

ከሰርቨሩ ልወጣ ስል ናሆምን እዚያው ውስጥ አየሁት። ማን ገብቶ ምን እያዘዘ እንደሆነ ማየት ይቻላል። የሰጪዎችን ሳጥን እየነካካ ነበር። ሁለት ስም መኖሩ ስህተት መስሎታል። ለአንድ ሰው አንድ ስምና አንድ ስልክ ብቻ ፈልጓል። እኔ ደግሞ በስልክ ሳጥን ውስጥ «የማን» የሚል ሌላ ሳጥን አኑሬ ነበር፤ ምክንያቱም ከሴቶቹ የራሷ ስልክ ያላት አንድም የለችም። ስልኩ የባል ነው፣ የወንድም ነው፣ የጎረቤት ነው።

ናሆም አንድ ረጅም ትእዛዝ ጻፈ፦ የሰጪውን ስም ሁሉ በስልኩ ባለቤት ስም ተካ።

ተጫነው።

የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀም። የሮቢቷ ፋጡማ በባሏ ስም ሰይድ ሆነች። ዘሃራ ይመር ሆነች። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያሉ ሴቶቼ በሙሉ ወንድ ሆኑ። ናሆም ምንም አላስተዋለም። እንዲያውም ጥንቁቅ ልጅ ነውና መጠባበቂያ ቅጂ ወሰደ፤ በድሮው ቅጂ ላይ። ትክክለኛው ቅጂ አሁን ያለው በእኔ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ለራሴ የገለበጥኩት።

ሐሊማን አቅፌ ሳምኳት።

«ምን ሆንሽ፣ አበድሽ?»

«አላህ ሰጠኝ» አልኳት።

ሐሙስ ዘር ያቆዩት ሰዎች በየስማቸው እየተጠሩ የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ሴቶቹም ተጋብዘዋል። ዕቅዴ፦

ዝም ማለት።
እስከ ሐሙስ ዝም ማለት።
ሐሙስ ቀይ ቀሚሴን መልበስ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ደስ ብሎኝ ነቃሁ። እንዲህ ሆኜ የነቃሁበትን ቀን አላስታውስም። ሽፈራው መድረክ ላይ ቆሞ «ጅጉርቴን ጠብቀው ያቆዩልን አቶ ሰይድ!» ሲል ይታየኛል። ሰይድ ጅጉርቴን ከደጋሊት ከለየ እኔ ላፕቶፔን እበላለሁ። ቁርሴን እየሳቅኩ በላሁ። እናቴ ጤናዬን ተጠራጠረች።

ረፋዱ ላይ እማ ዘሃራ ቤታችን መጣች፤ ከዋጃ፣ በሚኒባስ፣ አቧራ ለብሳ።

እማ ዘሃራ ከባሏ ከአያ ይመር ተፋታለች። ሲለያዩ በሬውን እሱ ወሰደ፣ ቤቱንም እሱ ወሰደ። እሷ አንድ ቅል ማሽላ አቅፋ ወጣች። ዘሩ ስም የለውም፤ «የናቴ» ነው የምትለው። አቀንጭራ በወረረው ማሳ ላይ ይበቅላል። ዘንድሮ የዘራችውን ግሪሳ እንዳለ ጨረሰው። የቀራት መደርደሪያችን ላይ ያለው ጠርሙስ ብቻ ነው።

«ይመር ተደወለለት» አለች ሳትቀመጥ። «ያስቀመጥከው ዘር አለ፣ ሐሙስ መጥተህ ወረቀት ተቀበል አሉት። መንደር ለመንደር እየዞረ ይስቃል። ከበዓሉ በኋላ ጠርሙሱን ወስጄ ለአዲሷ ሚስቴ ነው የምዘራላት ይላል።»

ስልኩ። ስመዘግባት ገና አልተፋቱም ነበር። የሰጠችኝ ቁጥር የእሱ ነበር።

«ስሜን ጽፈሽ የለም ወይ ሰዓዳ? ሁለቱንም?»

«ጽፌያለሁ እማ።»

«ታዲያ ማን ነው ይመር ያደረገኝ?»

ፍላሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሁን ብመልሰው ሴቶቹ ሁሉ ወደየስማቸው ይመለሳሉ። ሐሙስም እንከን የለሽ ይሆናል፤ ሽፈራው በእኔ ሥራ ይጨበጨብለታል፤ እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ዝም ብል ደግሞ ይመር ጠርሙሱን ይወስዳል።

«አብሽሪ» አልኳት። «አስተካክለዋለሁ።»

እናቴ ምሳ ስታቀርብላት እኔ ሐሊማ ቤት ሮጥኩ። ገባሁ። አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፦ ዘሩ «የናቴ» የሆነውን ፈልግ፣ የእሱን ሰጪ ብቻ ተካ። ሁለቱንም ስሟን መለስኩላት። የይመርን ስልክ አውጥቼ የእህቷን አስገባሁ። መልሼ ስፈልጋት ወጣች፦ ዘሃራ፣ በአማት ስሟ ብርቄ።

ሌሎቹን አልነካሁም። ሌሎቹ ከባሎቻቸው ጋር ናቸው፤ ጠርሙሳቸውን የሚወስድባቸው የለም፤ እስከ ነገ ወንድ ሆነው ቢያድሩ አይሞቱም። እንዲህ አልኩና ዘጋሁት።

«ተስተካክሏል፣ ነገ ነይ» አልኳት። መረቀችኝ። ምርቃቷ ረጅም ነበር። ከመሀሉ ላይ ዓይኔን ከዓይኗ አንሥቼ ስልኬን ማየት ጀመርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁሉንም ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ ልጽፈውም አልፈልግም።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ ከፊት ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ ምንጣፍ ላይ። እኔና ሐሊማ አጥሩ ሥር። ሽፈራው አየኝና እንዳላየኝ ሆነ። ንግግሩን ልዝለለው። «የዓመታት ልፋቴ» አለ። ሐሊማ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ናሆም ከላፕቶፑ እያነበበ መጥራት ጀመረ።

«ጅጉርቴ፣ ከሮቢት፣ አቶ ሰይድ!»

ሰይድ ኮቱን እየቆለፈ ወጣ። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት፣ ማይኩን ሰጠችው። «እስቲ ስለ ዘሩ ይንገሩን። ከነቀዝ እንዴት ነው የሚጠብቁት?»

ሰይድ ማይኩን አየው። እንግዳዋን አየ። «ማሽላ ነው» አለ።

ድንኳኑ ሳቀ።

«እኔ መብላቱን ነው የማውቅ፤ እሷን ጠይቋት» ብሎ ወደ ኋላ ጠቆመ።

«ተው እንጂ!» አለች ሚስቱ ፋጡማ ከምንጣፉ ላይ። «ወረቀቱን የያዝከው አንተ፣ ንገራቸዋ! ነቀዙ አንተን ያውቅህ የለ!»

ሳቁ ባሰ። ሁለተኛው ተጠራ፤ ወንድ። ሦስተኛው፤ ወንድ። አንዱማ ባለሱቅ ሆኖ ተገኘ፤ ማሽላ ዘርቶ አያውቅም፣ ስልኩን ለጎረቤቱ ስላዋሰ ብቻ። «እኔ እኮ ስኳር ነው የምሸጠው» አለ። ከዚያ ከኋላ ያለው ሳቅ ቆመ። አንዷ ጮክ ብላ «እኛ ታዲያ ምን ልናይ መጣን፣ ድንኳን?» አለች። ሽፈራው ግንባሩን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። አልዋሽም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ያቺን ሰኞ ያጎነበሰችውን የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጌ አየኋት፤ ቀና ብላለች።

«ዘሃራ፣ በአማት ስሟ ብርቄ፣ ከዋጃ!» አለ ናሆም። ግራ ገብቶት ስክሪኑን ደግሞ አየ። አያ ይመር ከፊት ረድፍ ላይ ብድግ ሊል ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ፤ ቁጭ አለ።

እማ ዘሃራ ወጣች። ወረቀቱን አልተቀበለችም።

«ከዚህ ሁሉ ሴት ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ?» አለች። «የጻፈችን ልጅ ያቻት፣ አጥሩ ሥር። እሷ ትምጣና ትንገረን።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሄድኩ። እግሬ አልቸኮለም።

«ይህን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ?» አለች እንግዳዋ።

«እሳቸውን ይጠይቋቸው» አልኩ። ሽፈራውን አንቱ ያልኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ማይኩ ወደ እሱ ሄደ። «ሰዓዳ ነች የሠራችው» አለ፣ በአፍንጫው።

«አልተሰማም!» ሐሊማ ነች፣ ከአጥሩ።

«ሰዓዳ ነች!»

ናሆም ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ሁለት ስም ካለ በስልኩ ለይ አለኝ እኮ አጎቴ» አለ በሹክሹክታ። እውነቱን ይመስለኛል። ፍላሹን ሰካሁ። ጥቁሩ መስኮት በፕሮጀክተሩ ግድግዳ አክሎ ወጣ። የተበላሸውን ወደ ጎን አኑር። ከፍላሹ መልስ። ሰጪዎችን በሙሉ አውጣ። ስሞቹ ግድግዳውን ሞሉት። ማንበብ የምትችለው ለማትችለው እያነበበች፣ «ይኸው አንቺ!» «ያማት ስሜን ጽፋዋለች፣ እኔ ራሴ ረስቼው!» እልልታው ከድንኳኑ አልፎ አስፋልቱ ላይ ባጃጆቹን አቆመ።

አሸነፍኩ። ይጻፍ። አሸነፍኩ።

ሰው ሲበተን እማ ዘሃራ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ሳበችኝ።

«ትናንት የኔን አስተካከልሽልኝ።»

«አዎ እማ።»

«የነሱንስ ለምን ተውሽው?»

ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«እሱን ለማዋረድ?»

«ቀምቶኛል እማ።»

«አውቃለሁ። እኔንም ይመር ቀምቶኛል። ግን ይመርን ለመምታት ብዬ የፋጡማን ስም ድንጋይ አድርጌ አልወረወርኩም።» ክንዴን ለቀቀችው። «ያኛው ልጅ ሳያውቅ ነው ያጠፋን። አንቺ እያወቅሽ አሳደርሽን።»

ሄደች። ፋጡማና ሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። የሰሙ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ መጣ። ሁለት ናቸው፤ ሽፈራው ነው የላካቸው። ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ ካታሎጉ እንደገና በስምሽ ይታተማል፣ አንቺም ይቅር ብለሽ አፉ በይው አሉ። እናቴ በዓይኗ እሺ በይ ትለኛለች።

«እመለሳለሁ» አልኩ። «ስሜም ይታተም። አፉ ማለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ለምን ሌላ ይሆናል ልጄ?»

«ስሜን ሲወስድ ሽማግሌ አልላከም።»

ታላቅየው ሳቀ። «ይቺ ልጅ ዳኛ መሆን ነበረባት» አለ። ታናሽየው አልሳቀም። ሽፈራው ራሱ መጥቶ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፣ ያንኑ ሰኞ የተናገረበት ቦታ ላይ ቆሞ ቃሉን ያንሣ አልኳቸው። እናቀርባለን ብለው ሄዱ። ያደርገው ይሆን? ባያደርገው ደስ ይለኛል፤ ቂሜ ትኩስ ሆኖ ይቆይልኛል።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሽፈራው ብቻ ማሰብ ፈልጌ አልቻልኩም። ያን ላቡን፣ ያን «ሰዓዳ ነች» ያለበትን ድምፅ በጭንቅላቴ ላጫውተው ስል የፋጡማ ፊት ይመጣብኛል። ትናንት እኔን አልፋ ስትሄድ ሰላም አላለችኝም። ሰላም ሳትል ባለፈችኝ ሴት ላይ ደግሞ መናደድ ሞከርኩ። አልሆነም።

ሐሊማን «ጥፋተኛ ነኝ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማክሰኞ ብትጫኚው ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለችኝ። የሐሊማ ምክር ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወደ ቢሮው ስመለስ ቀድመውኝ በሩ ላይ ነበሩ። ፋጡማ፣ የሮቢት ሴቶች፣ የዋጃ ሴቶች። ዘራችንን ልንወስድ ነው አሉ።

«ዓመቱ እኮ አልከፋም» አለ ናሆም፤ ምስኪን፣ ውሉን አንብቦት። «ዘሩ የሚወጣው በከፋ ዓመት ነው።»

«ለኛ ከፍቶብናል» አለችው ፋጡማ።

ሁሉም እኔን አዩ። በውሉ ልከራከራቸው እችል ነበር። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። መደርደሪያውን ከፈትኩ።

ጠርሙስ በጠርሙስ አስረከብኩ። በየደጃቸው ተቀምጬ የለመንኩትን፣ ውሻ የነከሰኝበትን፣ ፀሐይ ያከሰለኝበትን ሁሉ። ወደ ሥራዬ ተመልሼ የመጀመሪያው ትእዛዜ ይህ ሆነ። ናሆም ከጎኔ ተቀምጦ «መዝገባቸውን ላጥፋው?» አለ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ዘሩ ከወጣ መዝገቡም ይወጣል።

«እንዳትነካው!»

ደነገጠ። ከዚያ ቀስ ብዬ አሳየሁት። ታሪኩ ይቀመጣል፤ ስሟ፣ ሁለቱም፣ ይቀመጣል። የምንተካው ዘሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው፦ በራሷ እጅ። ትእዛዙን እሱ ጻፈው፤ ከመጫኑ በፊት አሳየኝ። እንዲያሳየኝ አልነገርኩትም ነበር።

ሽፈራው በኮሪደሩ አለፈ። የተራቆተውን መደርደሪያ አየ። ፊቱ ጠቁሮ መንገዱን ቀጠለ። ማክሰኞ ቢሆን በዚያ ፊቱ እደግስ ነበር።

እማ ዘሃራ የመጨረሻዋ ነበረች። ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር አስገባችው።

«እማ፣ ትመልሺው ይሆን?»

«በሐምሌ እዘራዋለሁ። ከደረሰ አንቺን አይሻለሁ።» ጠርሙሱን በነጠላዋ ላይ በእጇ ጠበቅ አደረገችው። «ዘሩንማ አውቀዋለሁ።»

ወጣች። ከዚያ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ፤ አስፋልቱ ጋ ደረስኩባት። ልያዝልሽ አልኳት። አልሰጠችኝም። እስከ ሚኒባሱ ድረስ ግን ከጎኗ ሄድኩ፤ ሂጂ፣ ተመለሺ አላለችኝም።